ይተኩሳል

ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የምታቀጣጥል አንዲት ካንዴላ ከሞተር ተፈትታ ስትወጣ ረጥባና ጠቁራ ብትገኝ፣ ምን ትፈርዳላችሁ? እሳት ስላልደረሳት ነው ቤንዚኑ ሳይቃጠል የቀረው? ወይስ ቤንዚኑ ስለበዛ ነው እሳቱን ያጠፋው? ቶሎ አትመልሱ። ሦስት ወንድማማቾች ቶሎ መልሰው ሰው ሞቶባቸዋል።

በአንድ ወቅት፣ የሚፈለግ ሰው ስም በቀበሌ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት ዘመን፣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ጥላዬ ጆሮ ተሰጥቶታል፤ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮው ሲያጣብቅ በሽታውን ይሰማል። መካከለኛው ሉልሰገድ ዓይን ተሰጥቶታል፤ የጥላሸቱን ቀለም አይቶ ሞተሩ ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደበዛበት ይናገራል። ታናሹ አጥናፉ ምላስ ተሰጥቶታል፤ መኪና አበላሽቶ ባለቤቱን አስመርቆ ይሸኛል።

አንዲት እኅት ነበረቻቸው፤ እኔ ነኝ። ባሌ ምናሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ስሙ ግድግዳው ላይ ከወጣ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ወንድሞቼ በአሮጌ መኪናቸው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አስተኙትና ድንች በጆንያ ጫኑበት። እኔን ከጆንያዎቹ ፊት፣ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሚኤሶ ከደረስን ባቡር አለ፤ ባቡሩ ደግሞ ወደ ድንበር ይወስዳል።

ቁልቁለቱን አጋምሰን ኬላው ከታች ብቅ ሲል ሞተሩ ይቆራርጥ ጀመር። ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ እየተቀጣጠለ ይፈነዳል። በጋራዥ ቋንቋ ይህን «ይተኩሳል» ይሉታል። ድምፁም ከጠመንጃ አይለይም።

ጥላዬ መኪናዋን ዳር አስያዘ። «በዚህ ድምፅ ኬላ አይገባም» አለ። «ተኩስ መስሏቸው ይመልሱልናል።»

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀለ አዳመጠ። አንደኛውን ሲነቅል ሞተሩ አቃሰተ። ሁለተኛውን ሲነቅል አቃሰተ፤ ማርሚታውም ሁለቴ ተኮሰ። ሦስተኛውን ሲነቅል ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። «ሟቿ ይቺ ናት።» ሞተሩን አጥፍቶ ካንዴላዋን ፈታ፤ ረጥባለች፣ ጠቁራለች። «እሳት አልደረሳትም። ገመዷ ተሰንጥቆ እሳቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ግማሽ ሰዓት ስጡኝ።» የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ገመዱን በናስትሮ ይጠመጥም ጀመር።

ሉልሰገድ ካንዴላዋን አንሥቶ ወደ ፀሐይ አቀናት። «ጋሼ፣ ያንተ ጆሮ ሲሠራ ዓይንህ ይተኛል። ይኼ የጥጋብ ጥላሸት ነው። ካርቡራተሩ ቤንዚን እያጠጣ አስምጧታል።»

«ገመዱ ነው እልሃለሁ!»

«ዛሬ እንኳ ገመድ ገመድ አትበልብኝ፤ አንገቴን ይበላኛል።»

እሱም የማንንም ፈቃድ አልጠበቀም። ካንዴላዋን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መለሳትና የካርቡራተሩን ብሎን አንድ ዙር ተኩል አጠበቀው፤ ቤንዚኑ እንዲቀንስ።

ከወንበሬ ጀርባ፣ ከድንቹ ሥር፣ የምናሴ ድምፅ መጣ። «እታፈራሁ፣ ሦስት ሐኪም ያለው በሽተኛ አይድንም በያቸው።» ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በእሱ ቀልድ የመሳቅ ዕድል አላገኘሁም።

አጥናፉ ሞተሩን ሳይሆን ኬላውን ያይ ነበር። «ቆመው ወደ እኛ እያዩ ነው» አለ። «ጋሼ ሲሞክር የተኮሰውን ሰምተዋል። ግማሽ ሰዓት ከቆምን ራሳቸው ይመጣሉ፤ ከመጡ ድንቹን አውርዱ ይላሉ። እኛ ከሄድንላቸው ግን ወሬ አለኝ።»

«ገመዱን አልጨረስኩም!» አለ ጥላዬ።

«ሲመጡ ትጨርሳለህ?» አጥናፉ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ኮፈኑን ከደነው።

እስከ ኬላው ድረስ አንዴም አልተኮሰም። ጥላዬ ይነዳል፤ አጥናፉ ከጎኑ ነው፤ ሉልሰገድ ከእኔ ጋር። አንድ ሸምገል ያለ ጠባቂ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«እንደምን ዋሉ ጓድ! ድንች ነው» አለ አጥናፉ። «የሚኤሶ ሰው ሥጋ ሰለቸኝ ቢል ልናጾመው ነው።»

«እቺስ? ሚስትህ ናት?»

«እኅቴ ናት። በዚህ መኪና ለሚመጣ ሚስት ማን ይሰጣል?»

ጠባቂው ሳቀ። እየሳቀም ወደ መኪናዋ ኋላ አለፈ፤ እጁን ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ሰደደ። ጥላዬ ሞተሩ እንዳይቆራርጥበት ነዳጁን ረገጥ አድርጎ ይዟል። አጥናፉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጓድ፣ ከኋላዋ ራቅ ይበሉ፤ ይተኩሳል!» አለ።

ጋራዥ ውሎ የማያውቅ ሰው ይህን ቃል እንዴት ይሰማዋል?

«ማነው የሚተኩሰው?» ጠመንጃው ከትከሻው ወረደ። ጥላዬ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ተኮሰች። ሰውዬውም ድምፁ ወደ መጣበት አንድ ጥይት ሰደደ።

ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ወጣ። የኬላው ሰዎች ነገሩ ሲገባቸው በሳቅ ሞቱ። «አንተ ሽማግሌ፣ ድንች ገደልክ!» ሽማግሌው አፍሮ ክዳኑን ሳይከፍት እጁን አወናጨፈ። «ሂዱ! ጥፉልኝ ከዚህ!»

አንድ መዳፍ የወንበሬን ጀርባ አንዴ መታ። መመታቱ ገባኝ። ሉልሰገድ ክንዴን ጨብጦ፣ «እታፈራሁ፣ እንዳትጮኺ» አለኝ። አልጮኽሁም። ከኬላው በታች ያለው ሜዳ ገላጣ ነው፤ የቆመ መኪና ከሩቅ ይታያል። ጥላዬ አልቆመም። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሄድ ነበር፤ አንዴም አልቆራረጠ። ዛፍ ካለበት ደርሰን ጆንያውን ስናነሣ ምናሴ እንዳይሰማ የሸሚዙን እጅጌ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አገኘነው። ሞቷል።

ድንበሩን ብቻዬን ተሻገርሁ፤ አልተመለስሁም። አርባ ስድስት ዓመት ሆነው። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ በተረት ሦስት ባለ ስጦታ ወንድማማቾች ሲነሡ የሞተ ሰው ይነሣል፤ በእኔ ቤት ግን የነበረው ሞተ።

ዛሬ ሦስቱም ሸምግለዋል፤ እርስ በርስ አይነጋገሩም። በየተራ ይጽፉልኛል። ጥላዬ፣ «ገመዱን ልጨርስ ብዬ ነበር፤ እንዲተኩስ ያደረገው የሉልሰገድ ብሎን ነው፤ ቤንዚን ሲያንስም እኮ ይተኩሳል» ይላል። ሉልሰገድ፣ «ከዚያ በኋላ ሞተሩ እንዴት እንደሄደ በጆሮሽ ሰምተሻል፤ ብሎኔ ባያድናት ኖሮ ሜዳው ላይ ቆመን እንቀር ነበር፤ የገደለው የአጥናፉ ቃል ነው» ይላል። አጥናፉ፣ «ሰውዬው ክዳኑን ሊከፍት እጁ ደርሶ ነበር፤ ባልናገር አምስታችንም እንረሸን ነበር፤ መንገድ ላይ አስተኩሶ ኬላውን ያስነቃብን ጋሼ ነው፤ ደግሞ አንቺም ዝም ብለሻል» ይላል።

«ይቅር በይን» ብሎ የጻፈ የለም። እያንዳንዱ «እኔን ይቅር በይኝ» ነው የሚለው፤ አንዱን ይቅር ብል በሁለቱ ላይ መፍረዴ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ከጆሮው፣ ከዓይኑና ከምላሱ ባለቤቶች መካከል፣ ይቅርታው የሚገባው ለማን ነው? ተከራከሩበት፤ የደረሳችሁበትንም ለእነሱ ንገሯቸው። እኔ ማንንም ይቅር አላልሁም፤ አልልምም።