ሽሮ ሳይቀር የፈተሹት ኃላፊ

አቶ መንበሩ የድንበሩ ኬላ ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ ነፋስ እንኳ ሳይፈተሽ አያልፍም ይባል ነበር፤ ይህን የሚሉትም ራሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ከወደብ ሩዝ ጭኖ የመጣ ምላሱ ስለታም ሾፌር እጃቸው ገባ። ጆንያ በጆንያ እያስወረዱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆሙት፤ አልበቃ ብሏቸው ምሳ ዕቃውን አስከፍተው ሽሮውን በማንኪያ ቆፈሩበት። ምንም አልተገኘም።

ሩዙ ተመልሶ ተጭኖ ኮንቴይነሩ ሊታሸግ ሲል፣ አቶ መንበሩ ሾፌሩን ጠጋ ብለው ከቢሯቸው ጀርባ የተደረደሩ የሞባይል ካርቶኖች አሳዩት።

«ቀረጥ ያልነካት ትንሽ ዕቃ ናት። እሷን አስገባና ላሽግልህ» አሉት በሹክሹክታ። «እኔ ያሸግሁትን መንገድ ላይ ማንም ደፍሮ አይከፍትም። እምቢ ካልክ ግን ፍተሻው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።»

ሾፌሩ ካርቶኖቹን አየና፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እሺ ጌታዬ፣ ልጫናቸው። ፍተሻውንም ያኔ ይጀምሩት፤ ቅድም ሽሮዬ ውስጥ ያጡትን ኮንትሮባንድ አሁን ያገኙታል።»