ውስጡን የፈተገችው ድስት

አንዲት ትርንጎ የምትባል ወጥ ሠሪ በአንድ የገበያ ከተማ ትኖር ነበር። ልጁን የሚድር፣ ክርስትና የሚያነሳ፣ ተዝካር የሚያወጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው እሷን ነው። ቄሱ ቢዘገዩ ይጠበቃሉ፣ ትርንጎ ከዘገየች ግን ድግሱ ቀረ እየተባለ ይቀለድ ነበር። ዕቃዎቿ ጥላሸት የጠጡ የሸክላ ድስቶች ናቸው። ማንም ድስቶቿን አይቶ አያውቅም፤ ሰው የሚያየው እጇን ነበር።

አጥር የምትጋራት ውድነሽ ዝምተኛ ሴት ናት። ወጧ አይነቀፍም፣ አይወራለትም። ሃያ ዓመት እሳት ሲጫጫሩና በርበሬ አብረው ሲደልዙ ኖረዋል። ትርንጎ ይህችን ጎረቤቷን ከልቧ ትወዳት ነበር። ከራስ የሚያንስን ሰው መውደድ ደግሞ ምን ያስቸግራል?

አንድ ዓመት የውድነሽ ወንድም፣ ሲራራ ነጋዴው፣ ከሩቅ አገር ሲመለስ ለእህቱ የመዳብ ድስት አመጣላት። ከውጭ ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ ነጭ ነው። በሚቀጥለው ድግስ ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ድስቱን ከበቡት። ደግሞም ሙያ ነበረው። በትንሽ ጭራሮ ይግላል፣ ሽንኩርቱ መሃል ላይ አርሮ ዳር ላይ ጥሬ አይሆንበትም፣ ከእጅ ቢያመልጥ አይሰበርም። አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ልሰው፣ ትርንጎ እየሰማች፣ “ውድነሽ፣ እጅሽ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጣፈጠው?” አሉ።

ትርንጎ ቀናች። ሌላ ስም የለውም፤ ቀናች። እንቅልፍ አጣች። ውድነሽ በየሳምንቱ ድስቱን በሎሚ ልጣጭና በአመድ ስትወለውል በአጥሩ ቀዳዳ ታያታለች፣ “እንድናይላት ነው ፀሐይ ላይ የምታወጣው” ትላለች። በዓመት አንድ ጊዜ ድስቱን አዝላ ወደ አንጥረኛው ሰፈር ስትሄድ ደግሞ፣ “ዛሬስ ለከተማው ልታዞረው ነው” ትላለች። ለምን እንደምትሄድ አልጠየቀችም። ቅናት ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም።

በዚህ መሃል የልጇ የአልጋነሽ ሠርግ ደረሰ። ትርንጎ የምታልባትን ላም እየነዳች አንጥረኛው ቤት ሄደችና ከውድነሽ ድስት የሚበልጥ የመዳብ ድስት ለውጣ ተመለሰች።

“አንቺ ሴት፣ ከእንግዲህ ምን ልንጠጣ ነው?” አላት ባሏ።

“ድስቱን እያየህ ትጠግባለህ” አለችው።

አንጥረኛው ሽማግሌ ሲሸኟት መክረዋት ነበር። “ልጄ፣ ውስጡ ያለው ነጭ ቆርቆሮ የድስቱ ልብስ ነው። በአሸዋ አትፈትጊው። እየሳሳ ሲሄድ አምጪው፣ እንደገና አለብሰዋለሁ። ቀዩ ከታየሽ ግን እንኳን ወጥ ውኃም አታሳድሪበት፤ መርዝ ይሆናል።” ትርንጎ እሺ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ልቧ ግን የውድነሽ ፊት ምን ይመስል ይሆን እያለ ከአጥሩ ማዶ ነበር።

ቤቷ ገብታ ድስቱን ስታገላብጠው አንድ ነገር ከነከናት። ምንም ቢተልቅ ከውድነሽ ድስት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ውጩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። “ይሄ ሽማግሌ ቀዩን መዳብ በርካሽ ቆርቆሮ ሸፍኖ ሰጠኝ” አለች። ከዚያ አሸዋና ሎሚ አቀረበች። ክንዷ እስኪዝል ሁለት ቀን ሙሉ ፈተገች። ነጩ እየለቀቀ ሄደ፣ ቀዩ ወጣ፣ ውስጡም እንደ ውጩ አበራ። “እንዲህ ያለ ድስት ውድነሽ የላትም!” ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

በሠርጉ ዋዜማ የሚዜዎቹን ዶሮ በዚያው ድስት ሠራች። እንደ ሙያዋ ቅመሙን መጥና፣ መጨረሻ ላይ ጠጅ ጠብ አድርጋበት፣ ከድና አሳደረችው።

በማግስቱ ውድነሽ እንደ ጎረቤት ልታግዝ ማልዳ መጣች። ክዳኑን ስታነሳ ወጡ መዳቡን በነካበት ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ወጥቶ አየች። በጭልፋ ገለጥ ብታደርገው ውስጡ ቀይ ነው።

“ትርንጎዬ፣ ነጩ የት ሄደ?”

“ፍቄ ጣልኩት። ምነው፣ ዓይንሽን ወጋው?”

“እህት ዓለም፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ ይህን ወጥ ለሰው አታቅርቢ፤ ያሳምማል።”

ትርንጎ ይህን ቀን ስትጠብቀው ኖራለች። “ቀናሽ!” አለች ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ። “አየሽ፣ ሲበልጡሽ እንዴት እንደሚያቃጥል! ኑ፣ አንሱልኝ፣ ወደ ዳሱ ይግባ!”

የሚዜዎቹ ዘፈን በር ላይ ደርሶ ነበር። ውድነሽ በእግሯ ድስቱን ገፋችው። የሃያ ዶሮ ወጥ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ሴቶቹ ጮኹ። ትርንጎ አልጮኸችም፤ ብሶባት ነበር። እንጀራ ቆርሳ ድስቱ ግርጌ የቀረውን ጠራርጋ ጎረሰች፣ ደገመች፣ ሰለሰች። “ይኸው በላሁት! ምን ሆንኩ?” አለች፣ አፏን እየጠረገች።

የሆነችውን ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ዳሱ ሞልቶ፣ ሚዜዎቹ ዶሮው የት ደረሰ እያሉ ሲንሾካሾኩ፣ ትርንጎ ከጓሮ ተንበርክካ አንጀቷ እስኪወጣ ታስመልስ ነበር። አልጋነሽ ወጥታ የምትሄድበት ሰዓት ደረሰ። የአባቷን ጉልበት ስማ ተመረቀች፤ የእናቷን ጉልበት ግን ፈልጋ አጣችው። ትርንጎ የልጇን መሄድ ያወቀችው እልልታው እየራቀ ሲሄድ ነው። ግንባሯን ደግፋ የያዘቻት ሴት ውድነሽ ነበረች።

“እንዴት አወቅሽ?” አለቻት ትርንጎ፣ ትንፋሽ ስታገኝ።

“የኔንም ጭልፋው እየፋቀ ነጩን ጨርሶት ነበር። ሳላውቅ አብስዬበት ሦስት ቀን እንዲህ ሆኛለሁ። አንጥረኛው ጋ በየዓመቱ የምመላለሰው ለዚህ ነው። ሲያዩት ያምራል እንጂ መከራ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“መቼ ጠየቅሽኝ? ድስቱን ስታዪ ፊትሽን ታዞሪ ነበር።”

“መከራ ከሆነስ ለምን አልተውሽውም?”

ውድነሽ አፏን በነጠላዋ ጠረገችላት። “ወንድሜን አልቅሼ ነው ያስመጣሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌ በኔ ማዕድ ተቀምጦ የትርንጎ ወጥ ሸተተኝ ሲል ኖሬያለሁ። ቅናት ገደለኝ። እጅሽን ልወስድብሽ አልችልም፤ በድስት እበልጣት ይሆናል ብዬ ነው።”

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻት። በሰው ድስት ስትቀና ኖራ፣ ለካ የሚቀናባት እሷ ራሷ ነበረች።

የመዳብ ድስት መልካም ዕቃ ነው። እሳት ይቆጥባል፣ ቶሎ ያበስላል፣ ቤት ያስጌጣል። ልብሱን የማይጠብቅለትን ግን ይገድላል። በሰው እጅ ሲሆን የሚታየን ውጩ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ውስጡን ለመጠበቅ የሚደክመው ድካም ከአጥር ማዶ አይታይም። ትርንጎ ያንን ድስት ለማግኘት ላሟን ሰጠች፣ ውድነሽን ለመብለጥ ብላ ደግሞ በልጇ ሠርግ ቀን ጉልበቷን ሳታስም ቀረች። ሁለቱም ሴቶች የተቃጠሉት አንዳቸው በሌላቸው ነው፤ አንድ ቀን ቢነጋገሩ ሁለቱም እሳቶች በጠፉ ነበር።

እስቲ እርስዎም ይህን ካነበቡ በኋላ ራስዎን ይጠይቁ፦ ዛሬ በማን ነው የሚቀኑት? ያ ሰውስ በዚህች ሰዓት የእርስዎን ምን እያየ እንቅልፍ አጥቶ ይሆን?