ነጩ ሄልሜት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ይሠራ ነበር። በግቢው የቆርቆሮ በር ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «ያለ ሄልሜት መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ በር በየማለዳው ስልሳ ሰው ይገባል። ከስልሳው ሄልሜት የሚያደርጉት ግንበኞቹ፣ ፎርማኑና መሐንዲሱ ብቻ ነበሩ። አሸዋ የሚነፉት፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩት፣ ባሬላ የሚሸከሙት፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በሻሽ ወይም በባዶ ራስ ይውላሉ።

ሰዓዳ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ባሬላ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚሸከመው የእንጨት መጫኛ ነው፤ ሰዓዳ ከፊት፣ ጌጤ ከኋላ ሆነው ሁለት ዓመት አብረው ተሸክመዋል። እርምጃቸው አንድ ሆኗል። ሰዓዳ ዞር ብላ ሳታይ የጌጤን ድካም ከእንጨቱ ታውቀው ነበር።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ከአራተኛው ፎቅ የብሎኬት ስባሪ ወረደ። ሰዓዳ ምንም ድምፅ አልሰማችም፤ ባሬላው ብቻ ድንገት ወደ ኋላ ጎተታት። ስትዞር ጌጤ አሸዋው ላይ ተዘርራለች፤ ነጩ ሻሽዋ በደም ርሷል።

ጌጤ አልሞተችም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ግን ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። ቤቷ ደግሞ ደብዳቤ ጠበቃት። ያነበበችላት ሰዓዳ ናት፦ «ሠራተኛዋ ደንቡን በመጣስ ያለ ሄልሜት ወደ ሥራ ቦታ የገባች በመሆኑ ለደረሰባት ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊነት የለበትም፤ ከሥራም ተሰናብታለች።»

«የትኛውን ሄልሜት?» አለች ጌጤ። «ሰጥተውኝ ነው እንዴ ያላደረግኩት?»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። ከአራት ወር በፊት ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ከዕቃ ቤቱ አዳዲስ ቢጫ ሄልሜቶች ወጥተው ለሁሉም ታድለው ነበር። አንዱ ተቆጣጣሪ እሷኑ አስቁሞ «ሁልጊዜ ታደርጋላችሁ?» ሲላት ፎርማኑ ካሳዬ ከሰውየው ጀርባ ቆሞ ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር። «አዎ፣ ሁልጊዜ» አለች። እንግዶቹ እንደወጡ ሄልሜቶቹ ተሰብስበው ተቆለፈባቸው። 

በማግስቱ የአምስተኛው ፎቅ ወለል ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ነበር። ማቡኪያው ገና በማለዳ መዞር ጀምሯል። ሰዓዳ በሩ ጋ ደረሰችና ቆመች።

«ምን ይገትርሻል?» አለ ካሳዬ።

«ደንቡን እያከበርኩ ነው፣ አለቃ።» ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችለት። «ሄልሜት የለኝም። ስለዚህ አልገባም።»

«ሻሽሽ ይበቃሻል፤ ግቢ!»

«ጌጤም ሻሽ ነበራት።»

«እንግዲያው ተባረሻል።»

«አባረኝ። ደብዳቤውን ስትጽፍ ግን ደንብ ስላከበረች ብለህ ጻፍበት።»

ከኋላዋ የመጡት ሴቶችም ቆሙ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ በሩ ጠበበ። ፈርታ በጎን ሾልካ የገባችም አለች፤ ሰዓዳ ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። እሷም ፈርታ ነበር። ቤት ሁለት ልጆች አሏት፤ ከእሷ ሌላ የሚያበላቸው የለም። እንዳይታወቅባት የበሩን ቋሚ ጨብጣ ቆመች። ውስጥ ማቡኪያው ባዶውን ይጮኻል፤ የቦካው ኮንክሪት የሚሸከመው አጥቶ መጠጠር ጀምሯል።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ አደም ይህን ሁሉ በመስኮታቸው ያያሉ። ለጡረታ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ ሰው ናቸው። ካሳዬ እየሮጠ መጣባቸው።

«ጋሽ አደም፣ ቢጫዎቹን እንዳያወጡ! አሁን ከሰጠናቸው ነገ ሌላ ይጠይቃሉ። ያለ ትእዛዝ አንድም አይወጣም።»

«የማን ትእዛዝ?»

«የእኔ።»

«በሩ ላይ የተጻፈውስ የማን ነው?»

ጋሽ አደም ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፣ ከፈቱ፣ ሄልሜቶቹን በእጅ ጋሪ ቆልለው እየገፉ በሩ ድረስ ሄዱ። ለእያንዳንዷ በእጃቸው ሰጡ። መዝገቡንም ይዘው ነበር፤ «ያወጣው፦ አደም ሙሄ። ምክንያት፦ የሰው ራስ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ካሳዬ ፖሊስ ጠርቶ «የድርጅቱን ንብረት ዘረፈ» አለ። ሰዓዳ እጃቸውን ልትስም ስትጠጋ ጋሽ አደም ወደ ኋላ አሉ።

«አታመስግኚኝ፣ ልጄ። ቁልፉ ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሄዱ።

ወሬው ከተማውን አዳርሶ እኩለ ቀን ላይ ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው። «ይኸው እንደምታዩት ሄልሜት በሽ ነው» አለ፣ የሴቶቹን ቢጫ ራስ እያሳየ። «የተጎዳችው በገዛ ቸልተኝነቷ ነው።»

የጋሽ አደም ደግነት ለድርጅቱ ማስረጃ ሆኖ አረፈው። ሰዓዳ ጮኸች። «ዛሬ ነው የተሰጠን! ያን ቀን አልነበረንም!»

መሐንዲሱ ከአራት ወር በፊት የተሞላውን የቁጥጥር ወረቀት አወጣ። ስሟ ከነአባቷ ተጽፏል፤ ከአጠገቡም «ሁልጊዜ እናደርጋለን» የሚለው ቃሏ።

«ያኔ ዋሽቼ ነው» አለች ሰዓዳ፣ በሁሉም ፊት።

«ታዲያ ዛሬ እንደማትዋሺ በምን እንወቅ?» አላት አንደኛው ሰውዬ።

 ያን ጊዜ ነው ግንበኛው ደርበው ከመወጣጫው የወረደው። ሄልሜቱን አውልቆ ከሰዎቹ እግር ሥር አስቀመጠ።

«ስባሪው ከኔ እጅ ነው ያመለጠው» አለ። «ወደ ታች ስመለከት ራሷ ላይ ከሻሽ በቀር ምንም አልነበረም። የተሸካሚዎቹ ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ከላይ ሆኜ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። ካሳዬ ዝም ካልክ ስምህ አይነሳም አለኝ። ሃያ ቀን ዝም አልኩ።»

«ይህን በመናገርህ በሕግ ልትጠየቅ እንደምትችል ታውቃለህ?» አለው ያው ሰውዬ።

«ጻፉት። እፈርማለሁ።»

ፈረመም። ሰዓዳ በጥፊ ልትለው ቃጣት፤ በዚያው ቅጽበት አቅፋ ልታለቅስበትም አማራት። ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ተፈታ። ጋሽ አደም በሦስተኛው ቀን ከእስር ወጡ። የጌጤ ደብዳቤ ተሻረ፣ መታከሚያዋና ካሳዋም በድርጅቱ ላይ ተወሰነ፤ እጇ ግን እስካሁን አልተመለሰላትም። ካሳዬ ከቦታው ተነሣ። የደርበው ክስ እንደተንጠለጠለ ነው። ከሁሉም በላይ አንድ አዲስ ሥልጣን መጣ፦ ሠራተኛው ከመሀሉ አንድ የደህንነት ተጠሪ ይመርጣል። ነጭ ሄልሜት ያደርጋል፤ «ቁም!» ካለ መሐንዲሱም ቢሆን ይቆማል።

በምሳ ሰዓት ጥላው ሥር ተሰብስበው ተከራከሩ። የሦስት ሰው ስም ተነሣ፤ ሦስቱን አቁመው ጠየቋቸው።

ሰዓዳ አልተግደረደረችም። «እፈልገዋለሁ» አለች። «ማንም ሳይቆም የቆምኩት እኔ ነኝ። እኔ በሩ ላይ ባልቆም ቁልፉም ከኪስ አይወጣም፣ ምላስም አይፈታም ነበር።»

ጋሽ አደም እንደ ልማዳቸው ዝግ ብለው ተናገሩ። «ሰዓዳ ጠየቀች፤ ደርበው መሰከረ። ሄልሜቱን ራሳችሁ ላይ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። የታሰርኩትም እኔ ነኝ።»

ደርበው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ያለኔ ቃል ሁለታችሁም ተሸንፋችሁ ነበር» አለ። «ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ከፎቅ ጫፍ ላይ ዓይኔ አይነቀልም። ከኔ የበለጠ የሚጠነቀቅላችሁ አታገኙም።»

«ነፍስ ልታጠፋ ነበር እኮ!» አለ አንዱ። «እሳቸውስ ዓመት ሙሉ ቆልፈው ተቀምጠው አልነበር?» አለች ሌላዋ። «እሷስ ለመንግሥት ሰው ዋሽታ የለም?» አለ ሦስተኛው። ጩኸቱ በረታ። በመጨረሻ የተጎዳችው ትፍረድ ብለው ጌጤ ቤት ሄዱ።

ጌጤ በደኅናው እጇ ሽንኩርት እየላጠች ሰማቻቸው።

«ሦስቱም ዝም ብለውብኛል፤ ሦስቱም ቆመውልኛል» አለች። «አንዱን ብመርጥ ሁለቱን የረሳሁ ይመስለኛል። እጄን ሰጥቻችኋለሁ፤ ፍርዱን እንኳ ራሳችሁ ስጡ።»

እነሆ ነጩ ሄልሜት መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት አንድ ስም ካልቀረበ ድርጅቱ የራሱን ሰው ይሾማል። የሠራተኛው ድምፅ ሦስት ቦታ እኩል ተከፍሏል፤ አንድ ሰው ብቻ ሐሳቡን ቢቀይር ይበቃል። እንግዲህ እናንተ ከዚያ ግቢ ብትሆኑ፣ ያን ሄልሜት በማን ራስ ላይ ትደፉ ነበር? መጀመሪያ በቆመችው፣ በከፈቱት ወይስ በተናዘዘው?