የኋላው በር ቡና

አንዲት አስካለ የምትባል ቡና ለቃሚ ነበረች። በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ስልሳ ሴቶች ጋር ተደርድራ እየተቀመጠች ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሬ ቡና ለቅማለች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ዐይንና ወገብ ግን ይጨርሳል። ደህናው ፍሬ ባሕር ማዶ ለሚሻገረው ጆንያ ይቀመጣል። የጠቆረው፣ ነቀዝ የበላው፣ የሻገተውና የተሰባበረው እግሯ ሥር ወዳለው የውዳቂ ጆንያ ይጣላል። ጓደኞቿ "ይቺ ሴት ዐይኗን ጨፍናም ብትለቅም አትስትም" ይሏት ነበር።

ውዳቂው ይቃጠላል ተብሎ ነበር የሚነገራቸው። ሴቶቹ ግን ሌላ ነገር ያውቁ ነበር። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና በኋላው በር ይገባና የውዳቂውን ጆንያ ሁሉ ጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል። ለመቃጠል ገበያ የሚወርድ ነገር ማን አይቶ ያውቃል? አስካለም ታያለች፤ አይታም ዐይኗን ወደ ፍሬው ትመልሳለች። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረች ሴት ነገሩ ገርሟት ብትጠይቃት፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እህቴ። ልጆች አሉሽ" ብላ መከረቻት። ምክሩን በደግነት ነበር የሰጠቻት።

ደግሞስ እርሷ ምን ቸገራት? አባቷ ገጠር ቡና ተክለው የሚኖሩ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ከጓሯቸው ለቅመው፣ አድርቀውና ፈትገው ይልኩላታል። አስካለ በዕድሜዋ ከገበያ ቡና ገዝታ አታውቅም። ውዳቂውን የሚጠጣው ሌላ ሰው ነበር።

በዚያ ዓመት ግን አባቷ ታመው እርሷ ቤት መጡ። ቡናቸው የሚለቅመው ጠፍቶ እዛፉ ሥር ረገፈ፤ ይዘውት የመጡትም አለቀ። ምግብ ከተዘጋባቸው ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀና ብለው አንድ ስኒ ቡና እንዳማራቸው ነገሯት። የተፈጨ የሱቅ ቡና እንዳታመጣባቸው፣ ጥሬውን ገዝታ እዚያው አጠገባቸው እንድትቆላላቸው ለመኗት። አስካለ አባቷ አንድ ነገር ስላማራቸው ብቻ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ነጠላዋን አንሥታ ወደ ገበያ ሮጠች።

ጥሬ ቡና ሻጩ ፊት ለፊቱ በሰፊ ሳህን ቡና ዘርግቶ፣ በካርቶን ላይ "አንደኛ ደረጃ" ብሎ ጽፎ ሰክቶበታል። አስካለ አንድ ፍሬ አንሥታ ነከሰች። ደረቅ ነው፤ ቀጭ አለ። በእፍኟ ይዛ አሸተተች፤ ንጹሕ ነው። ከዚያም መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅም ባለሙያ መሆኗን፣ እርሷን ማታለል እንደማይቻል ለነጋዴው አስታወቀችው። ነጋዴው ፈገግ ብሎ የሳህኑም የጆንያውም ያው አንድ ዓይነት ነው አለና ከኋላው ካለው ጆንያ ይሞላላት ጀመር። እርሷ በዚያን ጊዜ አጠገቧ ለቆመች ገዢ ቡና እንዴት ተነክሶ እንደሚፈተን ታስተምር ነበር። የነከሰችው የሳህኑን ነው፤ የገዛችው የጆንያውን።

ቤት ገብታ ሰፌድ ላይ አፈሰሰችው። ጥቁር፣ ነቀዝ የበላው፣ ስብርባሪ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ ነበር። ንዴቷን ውጣ ተቀመጠችና እንደ ለመደችው ለቀመችው። ከአንድ ኪሎ ለሰው የሚሆን አንዲት እፍኝ ብቻ ተገኘ። ከሰፌዱ ጥግ ደግሞ ቡና ያልሆነ አንድ ነገር ወጣ፤ ቢጫ ክር የተንጠለጠለባት ቀይ የልብስ ቁልፍ። አስካለ ዐወቀቻት። ከሟች እናቷ ቀሚስ ፈትታ፣ በቢጫ ክር የሥራ ጋዋኗ ላይ የሰፋቻት ቁልፍ ነበረች። ከአሥር ቀን በፊት ጎንበስ ስትል ተበጥሳ እግሯ ሥር ካለው የውዳቂ ጆንያ ገብታ ነበር። ያን ሻጋታ ማን ይበረብራል ብላ ትታት ነበር።

ደሟ ፈላ። ውዳቂውን በፌስታል ጠቅልላ ገበያ ተመልሳ ነጋዴው ሳህን ላይ ዘረገፈችበት፤ ለታመመ ሰው ይህን ትሸጣለህ ብላ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸችበት። ነጋዴው መጀመሪያ ካደ። ቁልፏን አውጥታ ይህቺ የኔ ናት፣ ካንተ ጆንያ ነው የወጣችው ባለችው ጊዜ ግን ተረጋጋ።

"ቁልፏ ያንቺ ከሆነች ቡናውም ከእናንተ መጋዘን የመጣ ነው" አላት። "መጥፎ መሆኑን ከኔ በፊት ያወቅሽው አንቺ ነሽ፤ ለቅመሽ የጣልሽው አንቺ ነሻ! ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲጠጣው ያልጮኽሽ፣ ዛሬ ቤትሽ ሲገባ ነው የምትጮኺው?"

ሌባ እውነት ሲናገር የሚያናድደውን ያህል የሚያናድድ ነገር የለም። ገዢዎቹ ነጋዴውን ትተው ወደ እርሷ ዞሩ። አይነጋ መስሏት… ይባል የለ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። አስካለ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ቁልፏን ተቀብለው በጣታቸው ሲያገላብጧት ቆዩ። የሚስታቸውን ቀሚስ አልረሱም። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

"የምትጥይው ወዴት እንደሚሄድ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ አባባ።"

ሽማግሌው ሕመማቸውን ረስተው ተቆጡ። አርባ ዓመት ቡና ሲሸጡ ራሳቸው የማይጠጡትን ፍሬ ለሰው ሰፍረው እንደማያውቁ፣ እርሷንም ያሳደጓት በዚያ ቡና እንደሆነ ነገሯት። "ያቺን እፍኝ አስቀምጫት፤ እንዲህ ሆኖ አይወርድልኝም" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አስካለ ያን ሳምንት ሙሉ ቡናውን ልቁላልዎት እያለች ብትለምናቸውም እንቢ አሉ። እህልም አልቀመሱ፤ ከቀን ወደ ቀን እየከሱ ሄዱ።

ዓርብ ደረሰ። መኪናው በኋላው በር ገባ። አስካለ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ጠዋት ይዛው የገባችውን አንድ ጀሪካን ነጭ ጋዝ አንሥታ በተደረደሩት የውዳቂ ጆንያዎች ላይ አንድ በአንድ አፈሰሰችባቸው። ሽታው መጋዘኑን ሞላው። ከእንግዲህ ያን ቡና አሳምሮ የሚሸጥ ነጋዴ አይገኝም። የመጋዘኑ ጌታ እየሮጠ መጥቶ ማን ነው ያበደው ብሎ ጮኸ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አለችው። "ይቃጠላል ብለውን አልነበር? ለመቃጠል አመቻቸሁልዎት።"

ሰውየው ቡናዬን አበላሸችብኝ ብሎ እንዳይከስ፣ የተበላሸውን ቡና ወዴት ልትወስደው ነበር ሊባል ነው። ያለው ሥልጣን ማባረር ነበርና እዚያው አባረራት። ሌሎቹ ሴቶች ያን ጊዜም ዐይናቸውን ከፍሬው ላይ አላነሡም። ያቺ አዲሷ ብቻ እጇን አጣጥፋ አስካለን በሩ ድረስ በዐይኗ ሸኘቻት።

ቤት ስትመለስ አባቷን የነጭ ጋዙ ሽታ ገና ከደጃፍ ደረሳቸው። ተቀምጣ ነገረቻቸው፤ እንጀራዋ እንደተቆረጠም አልደበቀቻቸውም። ሽማግሌው ክንዷን ተደግፈው ቀና አሉ።

"በይ አሁን ያቺን እፍኝ ቁይልኝ" አሏት። ስኒዋን እስከ አተላዋ ጠጡ፤ ሁለተኛም ጠየቁ።

ወዳጆቼ፣ ነጋዴውን መስደብ ቀላል ነው፤ ይሰደብ፣ የሚገባው ነው። የመጋዘኑም ጌታ ይሰደብ። ነገር ግን ያን መኪና በየዓርቡ ስልሳ አንድ ሴቶች ያዩት ነበር። ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲሄድ እያየን ዝም ያልነው ክፉ ነገር አንድ ቀን ዞሮ የኛን በር ያንኳኳል፤ የምንወደው ሰው በተጠማበት ቀን። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየሰፈራችን፣ በኋላው በር ሲወጣ እያየን ዐይናችንን የመለስንበት ጆንያ የትኛው ነው?

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ይሁን፣ ዝንብ አይግባ። ሻጋታ ግን ይገባል።