ለተቆጣጣሪ የተቀመጠ ቀበቶ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ቁልፍ መያዝ ነው። አውሮፕላን የሚጠገንበትና የሚታጠብበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን አለ። የዚያ ቁም ሣጥን ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው። ድርጅቱን በስም አልጠራም። ሰውየውንም አልጠራም። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

እዚያ አዳራሽ ስድስት ሰዎች የአውሮፕላን ክንፍ ያጥባሉ። ክንፉ ላይ ወጥተው በሳሙና ይፈትጋሉ። ሦስት ሰው አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቢቆም የክንፉን ከፍታ ያህላል። ከታች ሲሚንቶ ነው። ሳሙና ያለበት ክንፍ እንዴት እንደሚያዳልጥ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቆሜበት አላውቅም። እነሱ ያውቃሉ። ስለዚህ ወገብና ትከሻን የሚይዝ ቀበቶ ይታጠቃሉ። ቀበቶው ገመድ አለው፤ ገመዱ ከጣሪያው ብረት ጋር ይታሰራል። ሰው ቢያዳልጠው ገመዱ ይይዘዋል።

አንድ ቀን ከመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣች። ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ስፌታቸው ተተርትሯል። "በዚህ ሰው አይንጠለጠልም" አለች። ድርጅቱን ቀጣች፤ አሮጌዎቹን በመቀስ አስቆረጠች፤ በስድስት ወር እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ድርጅቱ ደነገጠ። ስድስት አዲስ ቀበቶ ገዛ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። መልካም አላደረገም? አደረገ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

የአጣቢዎቹ አለቃ አቶ ይርዳው ይባላል። ቀበቶዎቹ ሲመጡ የታሸጉበትን ላስቲክ ሳይቀድ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደረደራቸው። ቁልፉን ለሰውየው ሰጠውና፣ "እነዚህን እንዳታስነካ" አለው። "ያስቀጣን አሮጌ መሆናቸው ነው። ስትመለስ አዲስ ሆነው ታግኛቸው።"

"ሰዎቹስ በምን ይውጡ?"

"ተጠንቅቀው ይውጡ። ልጆች አይደሉም።"

አያችሁ? ከቅጣቱ በፊት አሮጌ ቀበቶ ነበራቸው። ከቅጣቱ በኋላ ምንም አልነበራቸውም።

አቶ ይርዳው ክፉ ሰው አይደለም። ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው። እናንተስ ቤታችሁ ቡፌ የለም? ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ብርጭቆ የለም? ልጆቻችሁ በምን ይጠጣሉ? ጠርዙ በተሸረፈው። ልማዳችን ነው። በብርጭቆ ማንም አልሞተም። እሱ ግን ያንን ልማድ ክንፍ ላይ ይዞት ወጣ።

ከአጣቢዎቹ አንዱ ጎሹ ይባላል። ቀልደኛ ነው። ጠዋት ጠዋት በቁም ሣጥኑ አጠገብ ሲያልፍ ቁልፍ ያዡን ሳይነካካ አይሄድም።

"እንዴት አደሩ ሙሽሮችህ? እስካሁን አልተገለጡም?"

"ሂድ ወደ ሥራህ፣ ጎሹ።"

"አንዷን እንኳ አትድረኝም?"

"ሳሙና ይነካታል። ታስቀጣናለህ።"

ይሳሳቁና ይለያያሉ። አምስት ወር እንዲህ አለፈ። ማንም አልወደቀም። ማንም ስላልወደቀ ትክክል መሰላቸው።

ስድስተኛው ወር ላይ ተቆጣጣሪዋ ማክሰኞ ትመጣለች ተባለ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ይጣደፋል። ወለሉ ይወለወላል፣ አውሮፕላኑ ይታጠባል። ጎሹ ወደ ቁም ሣጥኑ መጣ። ያን ቀን አልቀለደም።

"ስማ፣ ዛሬ ሳሙናውን አብዝተውታል። እግሬ አልያዘልኝም። አንዱን ስጠኝ።"

"ነገ እኮ ናት የምትመጣው።"

"አውቃለሁ።"

"ይህን ሁሉ ወር ታግሠህ አንድ ቀን አቃተህ? ከነገ ወዲያ እኔው ራሴ አስታጥቅሃለሁ።"

ጎሹ "ይሁን እንግዲህ" ብሎ ሄዶ መሰላሉን ወጣ።

ቁልፍ ያዡ እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን ጨበጠ። አቶ ይርዳውን በዓይኑ ፈለገው፤ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ያስተካክላል። ልክፈት? አልክፈት? ላስቲኩ አንዴ ከተቀደደ መልሶ አይገጥምም። ቀና አለ። ጎሹ ክንፉ መሃል ደርሷል። ልጥራው? ሲጠሩት ዞር ቢል ደግሞ ያዳልጠዋል። ቆመ። አየ።

ጎሹ ወደ ክንፉ ጫፍ ሲሄድ ግራ እግሩ ከዳው። አልጮኸም ይላል ሰውየው። ጊዜ አልነበረውም።

አልሞተም። ወገቡ ተሰበረ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አይታዘዝለትም።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪዋ መጣች። አቶ ይርዳው ቁም ሣጥኑን አስከፈተ። ስድስት ቀበቶ ከነላስቲኩ። አንዱን አንስታ አገላበጠችው። ጭረት የለውም።

"እነዚህን ማን ታጥቋቸው ያውቃል?" አለች።

የያዘችውን መልሳ አስቀመጠች። ቅጣቱን ጻፈች፤ ካለፈው የከበደ። እንዳይቀጡ ብለው የቆለፉበት ነገር ራሱ መሰከረባቸው።

ቅጣቱን ድርጅቱ ይከፍላል። ድርጅት ከፍሎ ይረሳል። ቁልፍ ያዡ ግን ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ሄደ። የጎሹ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች።

"ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቀበቶ አጥተው ነው?"

"አላጡም።"

"ነበረ?"

"ስድስት ነበረ።"

"የት?"

"እኔ ጋ።"

አልሰደበችውም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰውየው እዚያው አጠገቧ ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ እነዚህ ሰዎች ፍርሃት አልጎደላቸውም። በጣም ፈርተዋል። የፈሩት ግን ምንን ነው? ቅጣት የምትጽፈውን እጅ ፈሩ። ለጎሹ አልፈሩለትም።

እናንተስ የምትፈሩት ምንን ነው? ለቦሎ ምርመራ ጎማ ተውሳችሁ፣ በማግስቱ ባለቀው ጎማ ሰው የምትጭኑ የላችሁም? ተቆጣጣሪ ሲመጣ ለሠራተኛው ሄልሜት አድላችሁ፣ ሲሄድ የምትሰበስቡ የላችሁም? ሽማግሌ ቤታችሁ ሲገባ ሚስታችሁን በለሰለሰ ቃል የምትጠሩ፣ ሲወጣ የምትጮኹባት የላችሁም? አለን። እኔም አለሁበት።

እግዚአብሔርንም እንደዚያች ተቆጣጣሪ አደረግነው። የሚመጣበትን ቀን የምናውቅ መሰለን። ለዚያ ቀን የሚታይ ነገር አዘጋጅተን ተቀመጥን። እሱ ግን ያዘጋጀነውን አይደለም የሚያየው። ክንፉ ላይ የቆመውን ሰው ነው የሚያየው። ዛሬ ያየዋል። አሁን ያየዋል።

ዛሬ እሑድ ነው። አውሮፕላን ግን ዛሬም ይበራል፤ ሕንፃም ዛሬ ይሠራል። ከመካከላችሁ በዚህ ሰዓት ሰው ከፍታ ላይ ያቆመ፣ ከማሽን ሥር ያስገባ፣ መኪና አስይዞ መንገድ ያሰማራ አለ። ያ ሰው ከሞት የሚጠብቀውን ነገር መያዙን እርግጠኛ ናችሁ? ካልሆናችሁ እዚህ ተቀምጣችሁ አታዳምጡኝ። በሩ ክፍት ነው። ውጡና ደውሉ። "ውረድ" በሉት። እስክትመለሱ ቆመን እንጠብቃችኋለን።