እስከ ሾላው ድረስ

ተረቴ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት።

ጃርት ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ ሽኮኮ ዋሻ ገባና ክረምቱን እዚያው ከረመ። ዋሻው ጠባብ ነውና እሾሁ ቢወጋት፣ ሽኮኮ ዳኛው ኤሊ ዘንድ ሄዳ አቤት አለች።

«እንግዳ በጉልበት አይባረርም፤ በወግ ይሸኛል እንጂ» ብሎ ፈረደ ኤሊ።

ሽኮኮም ጃርትን እስከ ሾላው ዛፍ ሸኘችው። ጃርት ግን ጨዋ ነው፤ «ብቻሽንማ አትመለሺም!» ብሎ እስከ ዋሻዋ መልሶ ሸኛት። ደግማ ሸኘችው፤ ደግሞ መለሳት። በሦስተኛው ደክሟቸው ሾላው ሥር ቁጭ አሉ።

«እኔ እዚሁ ጉድጓዴን ልቆፍር» አለ ጃርት አዝኖላት። «እግርሽ እኮ አለቀ።»

ያን ዕለት ሽኮኮ እጅና እግሯን ዘርግታ፣ ማንም ሳይወጋት ተኛች። በማግስቱ ማልዳ ሾላው ሥር ደረሰች።

«ምን ረሳሽ?» አላት ጃርት።

«ምንም። ና፣ እስከ ቤቴ ሸኘኝ።»