የካፒቴን ጎሹ ጥያቄ

ካፒቴን ጎሹ በአብራሪነት ለመቀጠር የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይጥሉት ነበር። አንዲት የጎመን ነጋዴ ልጅ ፊታቸው ስትቀርብ፣ ይህ ዕድል ካመለጣት የመቀጠሪያው የዕድሜ ገደብ ሊያልፍባት ነበር።

«እኔ ዋና አብራሪ፣ አንቺ ረዳቴ ነሽ እንበል» አሏት ሪዛቸውን እየደባበሱ። «ተሳስቼ ወደ ተራራ ሳመራ ብታዪ ምን ታደርጊያለሽ? ዝም ካልሽ መንገደኛ ፈጀሽ፤ ካረምሽኝ ታላቅሽን ደፈርሽ። ደፋር ደግሞ አልቀጥርም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«አርምዎታለሁ፣ ጌታዬ» አለች በለሆሳስ። «በሰላም ካረፍን በኋላ ሽማግሌ ልኬ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝም ብልም እነዚያው ሽማግሌዎች መሰብሰባቸው አይቀርም፤ የሚሰበሰቡት ግን በእርስዎ ለቅሶ ላይ ነው።»